«ሐረጎ ላይ ልቤ ልትቆም ነው» ላለኝ የሚኒባስ ሹፌር

ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ደብዳቤ ከደሴ ነው፣ ሐረጎ የሚለው ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፣ ማንነቱን የሚያሳብቀውንም አውጥቻለሁ፣ የቀረው ግን የራሱ አነጋገር ነው።

«እታለም እንደምን አለሽ። 31 ዓመቴ ነው፣ ደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እሰራለሁ፣ መኪናዋ የኔና የወንድሜ ናት፣ ግማሿ እቁብ ግማሿ እዳ። ከአምስት ወር በፊት ሐረጎን እየወረድኩ ምንም ሳይፈጠር ልቤ ድንገት መደለቅ ጀመረች፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው መሰለኝ፣ በቃ ሞትኩ አልኩ። ዳር ይዤ አቆምኩ፣ ረዳቴ ውሃ አፈሰሰብኝ። ሆስፒታል ሄጄ የልብም የደምም ምርመራ ተሰራልኝ፣ ምንም የለብህም ብለው መለሱኝ። ግን እስከዛሬ 14 ጊዜ መጥቶብኛል፣ ቆጥሬዋለሁ። አሁን ሐረጎን ትቼ ከተማ ውስጥ ነው የምሰራው፣ እሱም እየከበደኝ ነው፣ ሎሚና ውሃ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። ሌሊት እንቅልፍ የለም። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው ጸበል እንሂድ ትላለች፣ ግሸንም ተስላልኛለች፣ ያባቴ እህት ሩቂያ (የቁርአን ንባብ) ይቀራበት ትላለች፣ ጓደኞቼ ቃምበትና ይለቅሃል ይላሉ፣ አንዱ ዳያዚፓም የሚባል ማረጋጊያ ክኒን ሰጥቶኝ ሁለት ቀን ወስጃለሁ። መኪናዋን ሸጬ ሌላ ስራ ልጀምር? ወይስ እያበድኩ ነው? ወንድ ልጅ ፈራሁ ብሎ ለማን ያወራል።»

ወንድማለም፣ አብሽር። እያበድክ አይደለም። መኪናዋንም አትሽጥ፣ ቢያንስ በዚህ ምክንያት አትሽጥ።

በደብዳቤ ሰው አይመረመርም፣ ይሄን አስቀድሜ ልበል። ግን በአእምሮ ጤና ነርስነት ብዙ ዓመት ሰርቻለሁና የጻፍከው ነገር ቁጭ ብሎ የሚታይ ነው፣ ፓኒክ አታክ ይባላል፣ ማለትም ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት። ድንገት ይመጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዛ እየቀለለ ይሄዳል። የሚመጣበት ሰው ሁሉ ከሞላ ጎደል የሚለው ያው ነው፣ ሞትኩ ወይ አበድኩ። ሁለቱንም ብለሃል።

«ምንም የለብህም» ያሉህ ነገር ግን ትንሽ አናዶኛል ልንገርህ። ልብህ ደህና ነው ማለታቸው ነው፣ እሱ ሸጋ ዜና ነው፣ ግን ሰውየው እኮ ልቡ ስትደለቅ ጣቱ ሲደነዝዝ በገዛ አካሉ አይቷል፣ ምንም የለብህም ስትለው ወይ ደብቀውኛል ይላል ወይ ጂን ነው ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩልህ ኖሮ አምስት ወር ባልተንከራተትክ።

ያቺን ዓረፍተ ነገር እኔ ልሞክራት። ማታ ከስራ ስትመለስ ጅብ ፊትህ ድንቅር ቢል ሰውነትህ አንተን ሳያማክር አድሬናሊን የሚባል ነገር ይረጫል፣ ልብ በፍጥነት ትመታለች ደሙን ወደ እግርህ ልትልክ፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ላብ ይመጣል፣ ሆድ ይገለባበጣል፣ ይሄ ሁሉ እንድትሮጥ ወይ እንድትመታው ነው። ፓኒክ ማለት ጅብ ሳይኖር ይሄ ደወል መጮሁ ነው፣ በቃ ደወሉ ተሳሳተ። የጣትህ መደንዘዝና የዓለም መሽከርከሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ቶሎ ቶሎ ስለምትተነፍስ ነው፣ ያኔ ከደምህ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ እጅና ከንፈር ይነዝራል፣ አየር ያጠረህ ይመስልሃል እንጂ እውነቱ አየር አብዝተሃል። ለዚህ ነው «በደንብ ተንፍስ! ሳብ አድርግ!» እያሉ የሚጮሁብህ ሰዎች የሚያባብሱብህ። ቲክቶክ ላይ ፌስታል አፍህ ላይ አድርገህ ተንፍስ የሚሉትንም እንዳትሰማቸው።

14 ጊዜ ልቤ ልትቆም ነው ብለሃል። 14ቱንም ጊዜ በማግስቱ ቁርስህን በልተሃል። ይቺን ቁጥር የቆጠርከው ለፍርሃት ነበር፣ አሁን ለሌላ ስራ ትጠቅምሃለች፣ ሲመጣብህ ለራስህ «ይሄ 15ኛው ነው፣ ያውቀኛል አውቀዋለሁ፣ ይመጣል ይሄዳል» በለው፣ ጮክ ብለህ ብትለውም አይከፋም።

ታዲያ ለምን አለቀቀኝ ትል ይሆናል። እኔ የምለው ይሄን ነው፣ ያሰረህ ፍርሃቱ ሳይሆን ሽሽቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሐረጎ ላይ መጣብህ፣ ልክ ነው ያ እጅህ ላይ አልነበረም። ከዛ ሐረጎን ተውክ፣ እፎይ አልክ፣ አንጎልህ ያቺን እፎይታ አየና «አሃ፣ የዳነው ስላልወረደ ነው፣ ሐረጎ ገዳይ ነው ማለት ነው» ብሎ መዘገበ። ቀጥሎ ከተማው ውስጥም ደወሉ መጮህ ጀመረ፣ ይሄ ሁሌም እንደዚህ ነው የሚሄደው፣ አንድ መንገድ ስትለቅለት ሁለተኛውን ይጠይቅሃል፣ ሁለተኛውን ስትለቅለት የቤትህን በር ይጠይቅሃል። መኪናዋን ብትሸጥ ፍርሃቱ መኪናዋ ውስጥ አይቀርም፣ ይዘኸው ነው የምትወርደው፣ እቁቡ ደግሞ እንዳለ ይቀመጣል።

ስለዚህ ወደ ሐረጎ ትመለሳለህ። ዛሬ አይደለም፣ ተሳፋሪ ጭነህም አይደለም፣ ቀስ እያልክ።

መጀመሪያ ግን ትንፋሹን ተማር። ሐረጎን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር ምን እንደሚገጥመው አንተ ለኔ ትነግረኛለህ፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ መጨረሻ ላይ አልይዝም ይላል፣ አንተ ማርሽ ቀንሰህ በሞተር ነው የምትይዛት። ልብህንም «ቁሚ! ተረጋጊ!» እያልክ መታገል በፍሬን መውረድ ነው። ማርሹ የቱ መሰለህ፣ ወደ ውጪ የሚወጣው ትንፋሽ። ፍራሽህ ላይ በጀርባህ ተኛ፣ አንድ እጅ ደረት ላይ አንድ እጅ እምብርት ላይ፣ በአፍንጫህ እስከ 4 እየቆጠርክ አስገባ፣ ብዙ አይደለም እንደወትሮህ፣ የሆድህ እጅ ከፍ ይበል የደረትህ ዝም ይበል፣ ከዛ እስከ 6 እየቆጠርክ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በቀስታ አስወጣ። አምስት ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ፣ ሰላም በሆንክበት ሰዓት። በሰላሙ ጊዜ ያልተለመደ ትንፋሽ በጭንቁ ሰዓት አይገኝም፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖርህ ሐረጎን መውረድ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ልመደው።

በነዚህ ሁለት ሳምንታት ሌላም የምትሰራው አለ፣ ልትስቅ ትችላለህ። ደሴ ላይ ዳገት አይጠፋምና ከሰፈርህ አንዱን ዳገት በፍጥነት ውጣው፣ ልብህ ድም ድም እስክትል፣ ከዛ ቆመህ አዳምጣት። አትሽሽ፣ ውሃም አትፈልግ፣ ዝም ብለህ ቁም፣ ራሷ ትወርዳለች። የልብ ምርመራህ ደህና ነው ስለተባለ ነው ይሄን የምልህ፣ ያልተመረመረ ሰው ይሄን አንብቦ እንዳይሮጥ። ነገሩ ምንድነው፣ አንተ አሁን ልብህ በመታች ቁጥር ደንግጠህ፣ ድንጋጤው ደግሞ የበለጠ እያስመታት፣ እንደዚህ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። ልብ መምታት ስራዋ እንደሆነ ሰውነትህ በስራ ነው የሚማረው፣ በኔ ወሬ አይደለም።

ከዛ መንገዱ። የመጀመሪያው ሳምንት የሌላ ሰው መኪና ላይ ጋቢና ተሳፍረህ እስከ መጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ውረድ፣ ወንድምህ ቢሆን ጥሩ፣ እዛ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ፍርሃትህን ከ10 ስንት እንደሆነ ስጠው፣ 8 ነው እንበል። ቁጭ በል። እያየኸው 8 የነበረው 6 ይሆናል፣ ቆይቶ 4 ይሆናል፣ 20 ደቂቃም ይፍጅ 40 ደቂቃም ይፍጅ ግማሽ ሳይወርድ አትመለስ። ዋናው ነገር ይሄ ነው ወንድሜ፣ 8 ላይ እያለ ከተመለስክ ለሐረጎ ነጥብ ሰጠኸው ማለት ነው። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው፣ እየሰለቸህ ሲመጣ እያለፈልህ ነው፣ መሰልቸት እንደዚህ ደስ የሚልበት ሌላ ቦታ የለም። ከዛ እስከ ኮምቦልቻ ሙሉውን በተሳፋሪነት፣ ከዛ በማለዳ መንገዱ ሲቀል ያንተን መኪና ባዶዋን ራስህ፣ ረዳትህ አጠገብህ፣ ከዛ ሰው ጭነህ። አንዱ ሳይቀልህ ወደሚቀጥለው አትዝለል፣ ቢበላሽብህም ከዜሮ አትጀምር፣ አንድ ደረጃ ብቻ ተመለስ።

መሪ ላይ እያለህ ቢመጣብህስ? ፍሬቻ አሳይ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ዳር ያዝ፣ እጅ ፍሬን፣ አራቱንም መብራት አብራ። ከመኪናው ወርደህ አትሩጥ፣ ስልክ አንስተህ አትደዋውል፣ 4 አስገባ 6 አውጣ፣ እግርህ ወለሉን ሲረግጥ ይሰማህ፣ መሪው ላይ ያለችውን የላላች ልባስ ዳሳት፣ ፊት ለፊትህ የምታየውን አምስት ነገር ስም ጥራ፣ ቢጫ ጄሪካን፣ አህያ፣ ባህር ዛፍ፣ ምናምን። ሲቀልህ ጉዞህን ጨርስ እንጂ አትመለስ። የሰው ነፍስ ይዘሃልና እስኪቀልህ መቆም ግዴታህ ነው፣ እዚህ ላይ ጀግንነት አልፈልግም። ለረዳትህም አሁኑኑ ንገረው፣ ውሃ እንዳያፈስብህ፣ «ሞተ ሞተ» እንዳይል፣ ለተሳፋሪው «ሁለት ደቂቃ ሞተር እናብርድ» ይበልና ዝም ይበል።

ጫቱ። እዚህ ጋር እንጣላ ይሆናል። ወሎ ተወልጄ ወሎ ያደግኩ ነኝ፣ በርጫ ምን እንደሆነ፣ ወዳጃ ላይ ምን ቦታ እንዳለው የሚነግረኝ አልፈልግም፣ የማንንም ዱአ አልነካም። ግን ጓደኞችህ «ቃምበትና ይለቅሃል» ያሉህ እሳት ላይ ላምባ ነው። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ አለ፣ የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፣ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ በልብ ምት ለሚደነግጥ ሰው የልብ ምት መግዛት ማለት ነው። ማታ ምርቃናውን ለማውረድ ጨብሲ ከተጨመረ ደግሞ መጠጡ ሲለቅህ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጭንቀቱ በእጥፍ ይመለሳል፣ የምትቅም ከሆነ «ሌሊት እንቅልፍ የለም» ያልከው ግማሹ ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። የዘወትር ቃሚ ከሆንክ በአንዴ አትቁረጠው፣ ዱካኩና ድብርቱ ይመልስሃል፣ ቀኑንም መጠኑንም እየቀነስክ ውረድ። ቡናንም ተው አልልህም፣ ወሎ ውስጥ ቡና ተው ብዬ ማን ቤት ልገባ፣ ግን ካፌይን ከጠጣኸው አምስት ሰዓት ያህል ቆይቶም ግማሹ ገደማ ሰውነት ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ጠዋት ላይ አቦልህን ጠጣ፣ የከሰዓቱን ቶናና በረካ ለጎረቤት ተወው።

እንቅልፉን በአጭሩ፣ የመኝታ ሰዓትህ ቢዛነፍም የመነሻህ አይዛነፍ። 20 ደቂቃ ያህል ተገላብጠህ ካልመጣ ተነስ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ላይ ተቀመጥ፣ ዓይንህ ሲከብድ ወደ አልጋህ ተመለስ፣ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ይውጣ። የእዳውንና የእቁቡን ሐሳብ ደግሞ ሰዓት ስጠው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ደብተር ይዘህ ተጨነቅ፣ አዎ ሆን ብለህ ተጨነቅ፣ ጻፈው፣ ሌሊት ሲመጣብህ «ነገ 11 ሰዓት» በለው። መጀመሪያ አይሰማህም፣ ከሳምንት በኋላ መስማት ይጀምራል።

ዳያዚፓሙን ግን መልስለት። እሱ ያለሐኪም የሚወሰድ አይደለም፣ ሱስ ያስይዛል፣ ያፈዝዛል፣ ፈዞ ሐረጎን የሚወርድ ሹፌር ከፓኒክ የባሰ ነው። ለዚህ ችግር በሐኪም የሚታዘዙ ሱስ የማያስይዙ መድኃኒቶች አሉ፣ ፍሎክሰቲን ለምሳሌ፣ ግን በዛሬ ተወስዶ ዛሬ የሚሰራ አይደለም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ሲሻልህም በራስህ አታቋርጠውም። አሚትሪፕቲሊን ቢያዙልህ እንቅልፍ ያመጣልና ሹፌር መሆንህን ቀድመህ ተናገር።

የት ልሂድ ካልክ፣ ይሄን ሁሉ ለስድስት ሰባት ሳምንት በእውነት ሞክረህ ካልቀለለህ፣ ወይም ከዛም በፊት አልችልም ካልክ፣ ደሴ ሆስፒታል ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ክፍል አለ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም አለ። ቦሩ ሜዳ ሲባል ሰው አሁንም የሥጋ ደዌ ብቻ ይመስለዋል። የጤና መድን ደብተር ካለህ ይዘኸው ሂድ፣ ሪፈር ከጤና ጣቢያ አስጽፍ። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ ተሰርቶልህ ካልሆነም ጠይቅ፣ እንቅርቱ ባይታይም የሆርሞኑ መብዛት ልብን ያስደልቃል፣ ጭንቀትም ይመስላል። ደረትህን የሚያምህ ዳገት ስትወጣ ሆኖ ወደ ክንድህ ወይ ወደ አገጭህ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም እውነተኛ ራስ መሳት ከመጣ፣ ያ የኔ ዓምድ ጉዳይ አይደለም፣ በዛው ቀን ሐኪም ጋ። ደግሞ ይሄን አልጻፍክም ግን ሳልጠይቅህ አላልፍም፣ መኖር አስጠልቶህ ወይ ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ከሆነ ለብቻህ አትደር፣ ለወንድምህ ዛሬ ማታ ንገረው፣ አብሮህ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፣ ሰዓቱ ሌሊትም ቢሆን።

እናትህና አክስትህ። እንደው ደብዳቤህ ላይ በጣም ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፣ አንዷ ጸበል አንዷ ሩቂያ፣ ሁለቱም ላንተ። እንዲህ አይነት ቤት ያለው ሰው አልቆለታል አልልም። ሂድ ከእናትህ ጋር፣ ስለቷንም መስከረም 21 ግሸን ወጥታ ታድርስ፣ አክስትህም ትቅራብህ፣ ሰው እጅህን ይዞ ስለ አንተ ሲጸልይ ብቸኝነቱ ይቀንሳል፣ ይሄን ነርስ ሆኜም አምናለሁ። ሁለት ነገር ብቻ፣ መድኃኒት ከጀመርክ ለጸበል ብለህ አታቋርጥ፣ ጸበሉንም ከሐረጎ መሸሻ አታድርገው።

«ወንድ ልጅ ፈራሁ ብሎ ለማን ያወራል» ላልከው፣ እኔ ራሴ ልንገርህ። ጥቅምትና ኅዳር 2014 ደሴ በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ ከተማው ውስጥ ነበርኩ። ያኔ ደህና ነበርኩ፣ ሰው አስተኛለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ልጆች አረጋጋለሁ። ሁሉም ካለፈ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ጎረቤቴ የቆርቆሮ በሯን ድርግም አድርጋ ስትዘጋ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ቢላውን ጥዬ ጠረጴዛ ስር ገባሁ። ለስንት ሰው ይሄን ትምህርት ያስተማርኩ ሰው! እህቴ ሳቀች፣ ከዛ ፊቴን አየችና ዝም አለች፣ መጥታ አጠገቤ ጠረጴዛው ስር ተቀመጠች። ከዛ በኋላ ነው ማውራት የጀመርኩት። አንተ በዛ ጥቅምት ሰው ጭነህ ሐረጎን ወርደህ ከነበር፣ ብዙ የደሴ ሹፌር እንደወረደው፣ እሱን ለሐኪሙ ንገረው፣ ሰውነት ሒሳቡን አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚያመጣው። ካልሆነም ምንም አይደለም፣ ያለምክንያትም ይመጣል። ለወንድምህ ግን በዚህ ሳምንት ንገረው፣ የመኪናዋ ግማሽ የሱ ነው፣ ለምን ሐረጎን እንደማትወርድ ሳያውቅ ሰነፈ ብሎህ ሊሆን ይችላል።

ሎሚዋን ረሳኋት። ሎሚና ውሃ መያዝህ አሁን ምንም አይደለም፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያዛቸው። ግን «የዳንኩት በሎሚዋ ነው» ማለት እንዳትጀምር ቀስ እያልክ ከእጅህ ወደ ኪስህ፣ ከኪስህ ወደ ኋላ ወንበር ታሳልፋታለህ። ሰው ጭነህ ኮምቦልቻ መውረድ በጀመርክበት ቀን ለተሳፋሪ ስጣት፣ ሐረጎ ላይ የሚያስመልሰው ሰው መቼም አይጠፋም።